የውሃ ሽታ

ማሽኑ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤ ዝም አለኝ።
ጸሐፊዋ በሶፍት ጠርጋ ደግማ አስጫነችኝ።
«አሻራሽ የለም» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ወለል ባንዴ ታወሰኝ።

በባልዲ ውስጥ ጥዬው የመጣሁትን ጣት
አሁን ምን ብለው ይጠይቁታል የኔን ማንነት?

ኢኮኖሚካ ይሉታል እዚህ አገር በረኪናን፤
ስሙ ቁጠባ ነው፣ የሚቆጥበው ማንን?
ሰድሉ እየነጣ፣ እየነጣ ሲሄድ
የመዳፌ መስመር ተከትሎት ነጎደ፣ በኮሪደሩ መንገድ።
ማታ ልስመው ስል አድማሱ፣ ትንሹ ልጄ፣
«መዋኛ መዋኛ ትሸቻለሽ» ይለኛል፣ ሲሸሽ ከእጄ።

ስሜ ሽታዬ ነው።
እናቴ ስታወጣው ያሸተተችው
ይህን አልነበረም፤ ሌላ ነው ያሰበችው።

ከላይ ፎቅ ጋሊና አለች፣ ጡረተኛ ኬሚስት፤
በቀለም ፋብሪካ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት።
ደረጃው ላይ ተገናኘን። ዕብራይስጧ ስብር፣ የኔም እንክት ያለ፤
እጄን ገለበጠችው፤ ራሷ ተነቀነቀ፣ አፏ ምንም አላለ።
ስለ እንዶድ ነገርኳት፤ ፍሬውን ወቅጠን
ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ፣ አረፋው እስከ ክርናችን።
«ሳፖኒን ነው» አለችኝ፣ ስም አወጣችለት፤
አረፋው ግን አንድ ነው፣ ስሙ ቢለያይበት።

ዘይቱን በዱቤ አመጣን፣ ከላኪሽ ወይራ ጨማቂ፤
«እስከ ፔሳህ» አለን፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ግን ጠባቂ።
የመጀመሪያው ቀለጠ፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣
ሦስተኛው እንደ ባልጩት ደረቀ፤
አራተኛው የቂርያት ጋትን ሐምሌ አልቻለም፣ አለቀሰ፤
ከመደርደሪያው ወርዶ በጋሊና ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ።

ምንጣፉ ግን ጸዳ!
(ይህን ለማንም አልነገርንም፤ ሳቅን፣ ለሁለት፣ በጓዳ።)

ከዚያ ፔሳህ ደረሰ። አገር ምድሩ ፍርፋሪ ሲያድን፣
ከየመሳቢያው፣ ከየኪሱ፣ ከሶፋ ሥር እርሾን፣
ስልሳ ጠርሙስ አዘዘችኝ የሕፃናት ማቆያ መምህርት፤
«ልጆች የሚድሁበት ወለል ነው፣ ክሎር አይኑርበት።»
የሚድሁበት። ቃሉን ይዤው አደርኩ።
ስንቱን ወለል አጥቤ፣ ማን እንደሚድህበት አልጠየቅኩ።

ፈቃድ ላወጣ ሄድኩ፤ ቅጹ ዐሥራ አንድ ገጽ ነው፤
ግብአት፣ መጠን፣ አድራሻ፣ ሁሉንም ሞላሁት፣ የማውቀው ነው።
ከመካከሉ «መዓዛ» የሚል አንድ ባዶ ቦታ፤
ሎሚ? ላቬንደር? ብዕሬን አንጠለጠልኩ ለአፍታ።
ትዝ አለኝ፤ በወገራ፣ ጎረቤት ሊሰድበን
«ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ነበር የሚለን፤
ገላችንን ስለምናጥብ፣ ወንዝ ዳር መንደር ስለምንሠራ፣
ንጽሕናችን ስድብ ሆኖ በገበያ ሲጠራ።

ጻፍኩት፦ የውሃ ሽታ።
«ውሃ ይሸታል እንዴ?» አለኝ ሠራተኛው፣ በፈገግታ።
«ሸቶት የማያውቅ ነው እንዲህ የሚጠይቅ» አልኩት፤
ዕብራይስጤ አልደረሰም፤ በአማርኛ ብዬ ተውኩት።

ዛሬም ሀብታም አይደለሁም። ሚዛኑ የኪራይ ነው፤
የዘይቱ ዕዳ ገና ግማሹ ነው የተከፈለው።
ጋሊና ወገቧን ትላለች፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ
መለያ ይለጥፍልኛል፣ አጣሞ፣ ያውም በቁጣ።
ሳሙናው ሳይደርቅ፣ ገና ለስላሳ እያለ፣
አውራ ጣቴን እጫንበታለሁ፤ ማኅተም የለንም ከዚህ የተሻለ።
ትናንት አንዱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጌ ሳየው
ውሃ እንደሸሸው አሸዋ ቀጫጭን መስመር አለው።
ስንጥቅ ይሁን የጣቴ፣ እንጃ፤ ለጋሊና አሳየኋት፤
መነጽሯን ፈለገች፣ ራሷ ላይ ነበር፤
እኔም አልነገርኳት።